ዳሜጅ ወይስ ኦብሴሽን?

ሁለቱም የተቀዱት ከአንድ ልቦለድ ነው፣ ከጆሴፊን ሃርት። አባት ከልጁ ፍቅረኛ ጋር በፍቅር ይያዛል፣ ቤቱም ይፈርሳል። ዳሜጅ ሉዊ ማል እ.ኤ.አ. በ1992 የሠራው ፊልም ነው። ኦብሴሽን ደግሞ በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ የወጣ ባለ 4 ክፍል ድራማ።

እዚህ ጅማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከእህቴ ጋር ሁለቱንም አየናቸው። በፊልሙ አባትየው ሚኒስትር ነው፣ በድራማው ቀዶ ሐኪም። ድራማው ይቸኩላል፤ ሰዎቹን በቅጡ ሳናውቃቸው መኝታ ቤት ይገባል። ፊልሙ ግን ጄረሚ አይረንስና ጁሊየት ቢኖሽ (አባትየውና የልጁ ፍቅረኛ) ግብዣ ላይ ሲተያዩ ብቻ ያሳየናል፣ ብዙም አያወሩም፣ እኔ ግን ሆዴ ባባ፤ ሚስትየውና ልጁ ምንም አያውቁማ!

ከሁሉም የእናትየው ነገር። ሚራንዳ ሪቻርድሰን ለኦስካር የታጨችው በዚህ ሚና ነው። መጨረሻ አካባቢ ሐዘኗን ስታወጣ እህቴ ሲኒዋን እንደያዘች ቀረች፣ ቡናው እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ድራማው እንዲህ አላስለቀሰንም።

ስለዚህ ፊልሙን እዩ፣ 2 ሰዓት እንኳን አይሞላም። ከእናትና አባት ጋር ግን እንዳትከፍቱት፣ ሁለቱም ራቁት ትዕይንት አላቸው።