ባለ ማጣሪያው ማስክ፦ ሦስት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ

አብነት አካባቢ ትንሽ የፈርኒቸር ወርክሾፕ አለችኝ። አራት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የወጥ ቤት ካቢኔ እንሠራለን። ቀለም መንፋት ግን የእኔ ሥራ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀለም ነፍቼ ስጨርስ ግማሽ ሊትር ወተት እጠጣ ነበር። «ወተት ደረት ያጥባል» ብሎ ያስለመደኝ የመጀመሪያው አለቃዬ ነው።

ወተቱ የሚገባው ሆድ፣ ቲነሩ የሚገባው ሳንባ። ይህቺን ለመረዳት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። በወተት ያለቀውን ብር ባላሰላው ይሻለኛል።

ነገሩ የመጣው በወረቀት ነው። ካቢኔ ያዘዘን አንድ ቢሮ «የሥራ ደህንነት ደንባችሁን አሳዩን» አለ። ደንብ ተብዬው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ መስመር ነው፦ «ማስክ ሳያደርጉ መሥራት ክልክል ነው»። ላሻሽለው ተቀመጥኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ከፈትኩ። አንቀጽ 92 አሠሪው መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ብቻ አይደለም የሚለው። አጠቃቀሙንም እንዲያሳይ ያዛል። እኔ ሳቀርብ የነበረው የኮሮና ጊዜ የተረፈ ሰማያዊ ማስክ ነው። እሱ ለቲነር ተን ወንፊት ማለት ነው።

ወደ ተክለሃይማኖት ወረድኩ። የመጀመሪያው ሱቅ ልጁ «እህቴ፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ባለ ሁለት ማጣሪያ የጎማ ማስክ ዘረጋልኝ። ማጣሪያው ላይ ያለው መስመር ነጭ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ንቁ። በአውሮፓ አሠራር ቀለሙ ራሱ ይናገራል፦ ቡኒ ለቲነርና ለመሰል ኬሚካል ተን፣ ነጭ ለብናኝ፣ ግራጫ ለክሎሪን ዓይነት ጋዝ፣ አረንጓዴ ለአሞኒያ። ለእኛ ሥራ ቡኒውም ነጩም አንድ ላይ ያለበት ያስፈልጋል። ልጁ ይህን አያውቅም። ሦስተኛው ሱቅ አገኘሁ፤ ማስኩ 3,200 ብር፣ መለዋወጫ ጥንድ ማጣሪያ 1,800። አንዱ ጥንድ ጊዜው አልፎበት ነበር። አስቀየርኩ። ቀኑን ሳታዩ እንዳትከፍሉ።

አሁን ወደ ማስኩ። ጎማው ለስላሳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢደረግ አፍንጫ አይልጥም። ፊቴ ትንሽ ስለሆነ ትንሹን መጠን ነው የወሰድኩት። ሲደረግ ሁለቱን ማጣሪያዎች በመዳፍ ሸፍኖ አየር መሳብ ነው። ማስኩ ፊት ላይ ከተጣበቀ ልክ ነው። አየር ከገባ ቀበቶውን ማስተካከል። የመጀመሪያ ቀን ቀለም ነፍቼ ስወጣ ራሴን አላመመኝም። ማታ ማታ የሚያመኝ ከድካም ይመስለኝ ነበር እኮ!

እንከኑ ብዙ ነው። ይሞቃል። በላዩ ላይ ማውራት አይቻልም፤ ልጆቹ «ዝንቧ መጣች» ይሉኛል። መነጽር ያጨናንቃል። ትልቁ ችግር ግን ጺም ነው። ከልጆቼ አንዱ አባቱ አርፈው ጺሙን አሳድጓል። ጎማው ፀጉር ላይ አይገጥምም፤ በመዳፍ ሲሞከር አየሩ በጉንጩ በኩል ይገባል። «እትዬ፣ የአባቴ አርባ ሳይወጣ ምላጭ አላስነካም» አለኝ። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል። ለጊዜው ከቀለም ክፍሉ አውጥቼ መገጣጠም ላይ አደረግኩት። በደንቡ ላይም አንድ መስመር ተጨመረ፦ ማስክ የማይገጥምለት ሰው ቀለም ክፍል አይገባም፤ ደሞዙም አይነካም።

ሃርድነር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያጠነክር ቅልቅል፣ ያለበት ቀለም ለምትነፉ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሃርድነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ። አስም ያመጣል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ከዚያ በኋላ አስሙን ለመቀስቀስ በጣም ጥቂቱም ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2024 ባሻሻለው ሕግ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 6 ማይክሮግራም የሚል ጣሪያ አስቀመጠለት፤ ለመሸጋገሪያ እስከ 2028 መጨረሻ 10 ፈቅዶ። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ቲነር ሲያልፍ በአፍንጫ ይታወቃል፤ «ሸተተኝ፣ ማጣሪያው አልቋል» ትላላችሁ። አይሶሳያኔት ግን ሽታው ሳይታወቅ ከጣሪያው በላይ ይሆናል። ስለዚህ ማጣሪያውን ሽታ እስኪመጣ ሳልጠብቅ በሰዓት ነው የምቀይረው። ትክክለኛው መፍትሔ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚስበው ማስክ ነው። ዋጋውን ጠይቄ ዝም ብዬ ወጣሁ። እስከዚያ ሃርድነር ያለበትን ሥራ መቀበል አቁሜያለሁ፤ ሁለት ደንበኛ ሄዶብኛል።

ብርጭቆ ወረቀት የሚያሹትን ልጆችም አልረሳሁም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ ከመደበው ቆይቷል። ለእነሱ ነጩ ይበቃል። መጥረጊያውን ግን በእርጥብ ጨርቅ ተክተነዋል።

አንድ ነገር በራሴ ኪሳራ ተማርኩ። የመጀመሪያውን ጥንድ ማጣሪያ ሥራ ስጨርስ ሚስማር ላይ ሰቅዬ እሄድ ነበር። ማጣሪያው እኮ ሌሊቱንም ክፍሉ ውስጥ ያለውን ተን ሲስብ ያድራል። በሁለት ሳምንት ሸተተኝ። አሁን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ነው የሚያድረው። ወተት ጨርሶ ከቤታችን አልወጣም ማለት ነው። የተከፈተበት ቀንም በማርከር ተጽፎበታል።

ማስኩን ግዙ ወይ? ግዙ። ግን ማጣሪያው አብሮ ካልተገዛ ጎማ ነው የገዛችሁት። እኔ ባለፈው ሳምንት ስመለስ ሱቁ ማስኩን ደርድሮ፣ ቡኒና ነጭ ማጣሪያ ግን የለውም። «ዕቃው መንገድ ላይ ነው» ተባልኩ።

የልጁ አባት አርባ የፊታችን እሑድ ነው። ሰኞ ጺሙን ተላጭቶ ይመጣል። ማጣሪያ ግን እስካሁን አላገኘሁለትም።