ባለ ሁለት ጎማ ወይስ ትንሽ ባለ አራት ጎማ ትራክተር? በመረሬ አፈር ላይ ያየነው

እኔ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር አለኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ትንሽ ባለ አራት ጎማ። ማሳችን አደአ ውስጥ ጎን ለጎን ነው፤ አፈሩ ሲረጥብ የሚጣበቅ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ መረሬ። አራት ክረምት አርሰንባቸዋል። «የትኛው ይሻላል?» ለሚለኝ ሁሉ፣ ተበላሽቶ ስንት ቀን እንደሚቆም አስቀድመህ አስብ እላለሁ።

የእኔው ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው ቀበቶ፣ ይላላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል፤ ብሎኖቹን ንዝረቱ ይፈታቸዋል፤ ማቀዝቀዣው ውሃ እየፈላ ስለሚተን በሥራ መሃል እሞላለሁ። ነገር ግን ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው፤ በእጅ ስለሚነሳ የባትሪ ጣጣ የለበትም። ትርፍ ቺንጋና መፍቻ ይዤ ከወጣሁ ከግማሽ ቀን በላይ ቆሞብኝ አያውቅም። በበጋ የውሃ ፓምፕ አሠራበታለሁ። ለሰው ግን ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላው እየሄዱ በየማዞሪያው መታገል ክንድ ይጨርሳል። ደርቆ የጠጠረ መሬት ላይማ ጎማው በቦታው ይሽከረከራል እንጂ አያርስም።

የወንድሜ ትራክተር ተቀምጠው የሚያርሱበት ነው፤ በእኔ የአንድ ቀን ሥራ እሱ ከሰዓት በፊት ይጨርሳል። በአራት ዓመት የከፋ ብልሽት የገጠመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በሐምሌ፣ ጤፍ ሊዘራ ሲል! ማረሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሳው የሀይድሮሊኩ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ተበልቶ ዘይት ማፍሰስ ጀመረ፤ ማረሻውን ማንሳት አቃተው። የሸጠለት ድርጅት «መለዋወጫው እየመጣ ነው» እያለ 23 ቀን አስቆጠረው። የእጅ መዳፍ የማትሞላ ጎሚኒ ናት። ወንድሜ በሬ ለምኖ አረሰ፤ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ከባድ ስለሆነም መረሬው ውሃ ሲጠግብ ይሰምጣል፤ የእኔው የብረት ጎማ ከተገጠመለት ይወጣል።

መሬታችሁ ከሁለት ሄክታር ካልበለጠና ከከተማ ከራቃችሁ ባለ ሁለት ጎማውን ግዙ። ሰፊ መሬት ካላችሁ ወይም ለጎረቤት በኪራይ ማረስ ካሰባችሁ ባለ አራት ጎማው ያዋጣል፤ ግን ሻጩ የናፍጣና የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን (የክላች) ዲስክ፣ የሀይድሮሊክ ጎሚኒ ከመደርደሪያው አውርዶ በዓይናችሁ ያሳያችሁ። «ይመጣል» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ያገለገለ ከሆነ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱት፤ ከሞቀ በኋላም ሰማያዊ ጭስ ካላቆመ ዘይት እየበላ ነው። የጀሪካን ናፍጣ ሳይጠል አትሙሉ፤ ይህ ለሁለቱም ነው።

ወንድሜ አሁን ያችን ጎሚኒ ሁለት ገዝቶ ቤቱ አስቀምጧል።