ኤምፒኤልፋይናንስ፦ «ግዛ» የማይል የሼር ቻርት

የሼር ዋጋ ቻርት የሚስለው ኤምፒኤልፋይናንስ (mplfinance) «ግዛ» የሚል ቁልፍ የለውም። መጀመሪያ የወደድኩለት ይሄንን ነው። ማስታወቂያ የለም። «ተጨማሪ ኢንዲኬተር ከፈለጉ ይክፈሉ» የሚል መስኮት ድንገት ዘው አይልባችሁም። ዳታ ትሰጡታላችሁ፣ ቻርት ይስልላችኋል፣ አለቀ።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ቀን ሥራ ላይ ስለሆንኩ ሼሮቼን የማየው ማታ፣ ገበያው ከተዘጋ በኋላ ነው። በየሰከንዱ የሚንቀሳቀስ ቻርት ምን ያደርግልኛል? በየደቂቃው ለሚገዛና ለሚሸጥ ሰው ግን ይሄ ነገር አይሆንም፤ እዚሁ ላይ ማንበብ ቢያቆም አልቀየመውም።

ነገሩ ለብቻው የሚከፈት ፕሮግራም አይደለም። ማትፕሎትሊብ በሚባለው የግራፍ መሳያ ላይ የተሠራ፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የምትጠሩት ላይብረሪ (የተዘጋጀ ኮድ) ነው፤ ነፃ ነው፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ነው። ዳታው ከተዘጋጀ በኋላ የምትጽፉት አንድ መስመር ነው፦ ካንድል (የቀኑን መክፈቻ፣ ከፍተኛ፣ ዝቅተኛና መዝጊያ ዋጋ የሚያሳይ ሻማ መሰል ምልክት) ይሁን፣ ቮልዩም (የተሸጠው ሼር ብዛት) ከሥር ይግባ፣ የ20 እና የ50 ቀን የዋጋ አማካይ ይሳል። ዝም ካላችሁት ግን በካንድል ፈንታ ደረቅ ጥቁር መስመሮች ደርድሮ ይሰጣችኋል፤ በድሮ ፋክስ የመጣ ይመስላል። «ያሁ» የሚባለውን ስታይል ስትመርጡ አረንጓዴና ቀዩ ይመጣል። እኔ ማታ ስለምሠራ ጥቁሩን፣ «ናይትክላውድስ» የሚሉትን ነው የምጠቀመው።

አንድ ትንሽ ነገር በጣም ደስ ትለኛለች። በተራ ማትፕሎትሊብ ቀኑን ይዛችሁ ስትስሉ ዓርብና ሰኞ መሀል ባዶ ክፍተት ይቀራል። ይሄኛው ገበያ ያልነበረባቸውን ቀናት ሳትነግሩት ይዘላቸዋል።

ግትርነቱ ደግሞ ቀን ላይ ነው። የፋይላችሁ ቀን እንደ ተራ ጽሑፍ ከተነበበ በግድም አይስልም። ጀማሪ የሚማረረው እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔው ግን ፋይሉን ፓንዳስ በሚባለው የፓይተን የሠንጠረዥ ላይብረሪ ስትከፍቱ «ይሄ ዓምድ ቀን ነው፣ የሠንጠረዡ ኢንዴክስም (የረድፎቹ መለያ) እሱ ይሁን» ብሎ መንገር ብቻ ነው።

የሰጣችሁትን ዳታ አይመረምርም፤ ይሄንን አጥብቃችሁ ያዙ። ቺፕ ሠሪው ኢንቪዲያ በሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) አንዱን ሼር አሥር አድርጎ ከፋፍሏል፤ ስፕሊት የሚሉት ይሄንን ነው። ዓርብ ከ1,200 ዶላር በላይ የተዘጋው ሼር ሰኞ 120 አካባቢ ተከፈተ። በስፕሊቱ ያልተስተካከለ ፋይል ብትሰጡት ኩባንያው በአንድ ሌሊት የከሰረ የሚመስል ገደል ይስልላችኋል። የማንም ገንዘብ ግን አልጠፋም። የተስተካከለውን ዋጋ ማውረድ የእናንተ ሥራ ነው።

አርኤስአይስ (ዋጋው ሰሞኑን ምን ያህል በኃይል እንደወጣ ወይም እንደወረደ ከ0 እስከ 100 የሚለካው ኢንዲኬተር)? ተዘጋጅቶ አይጠብቃችሁም። የ14 ቀኑን አማካይ ጭማሪ ከአማካይ ቅናሹ ጋር ራሳችሁ አስልታችሁ ከቻርቱ ሥር ትጨምሩታላችሁ። ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያያል። እኔ ግን አስልቼ ከጨመርኩት ወዲህ 70 ያለፈ ነገር ሁሉ ይወድቃል የሚሉኝን ሰዎች መስማት ትቻለሁ።

ርዕሱን በአማርኛ ልጻፍ ብትሉ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደሩላችኋል። ከላይብረሪው ጋር የሚመጣው ፎንት የእኛን ፊደል አያውቅም። ኒያላን የመሰለ ፎንት ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ስሙን ስታይሉ ውስጥ አስገቡት፣ ይስተካከላል።

እዚህ ቻርቱ ላይ ጠቋሚውን አሳርፋችሁ የቀኑን ዋጋ ማንበብ አትችሉም። ይሄ እውነት ያናድዳል። ስሪቱም ከ«ቤታ» (ከሙከራ ደረጃ) ሳይወጣ ዓመታት ቆይቷል።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ለእኛስ ገበያ ይሆናል?» ብላኛለች። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ዋጋውን ኤክሴል ላይ መዝግባ ብትሰጠው ይስልላታል፤ ከየት አገር እንደመጣ አይጠይቅም። ካንድሉ ግን ለጊዜው ይቅርባት አልኳት። አንድ ሼር በቀን አንዴ ብቻ ከተሸጠ መክፈቻው፣ ከፍተኛው፣ ዝቅተኛውና መዝጊያው ያው አንድ ዋጋ ነው፤ ካንድሉ ጭረት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የመዝጊያውን ዋጋ በተራ መስመር ትሳለው። ቮልዩሙንም ከሥሩ ታስገባ፤ ስንት ሼር እንደተሸጠ ሳታይ ዋጋው ወጣ ብላ እንዳትቸኩል።