በደሴ የሚሰጠው የሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት ትምህርት ክፍያው ይገባዋል ወይ?

በደሴ ከተማ በአንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ የሚሰጠውን የሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ማኔጅመንት የመጀመሪያ ዲግሪ የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። ተማሪው ከኮርሱ ሲወጣ ዕቃ ሳያልቅበትና ገንዘብ መጋዘን ውስጥ ሳይታሰርበት መሥራት ይችላል? ንብረት ክፍል፣ ግዥ ወይም መድኃኒት መጋዘን ለሚሠራ ሰው ትምህርቱ ክፍያው ይገባዋል። ሥራውን ጨርሶ ላላየ ተማሪ ግን ትልቅ ጉድለት አለበት፤ እሱም ዕቃ ከውጭ የሚመጣበት መንገድና የማስመጫ ሰነዱ ላይ ነው።

ከሁሉም የተሻለው የክምችት አስተዳደር ኮርስ ነው። በአንድ ጊዜ ስንት ማዘዝ እንደሚያዋጣ የሚያሰላው ቀመር በደንብ ይሠራል፦ ዓመታዊ ፍላጎት በአንድ ትዕዛዝ ወጪ ተባዝቶ፣ በሁለት ተባዝቶ፣ ለአንድ ኩንታል ዓመታዊ የማቆያ ወጪ (ዕቃው መጋዘን ሲቀመጥ የሚያስወጣው) ተካፍሎ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። ችግሩ ሞጁሉ የማቆያ ወጪ ሲል የመጋዘን ኪራይ ብቻ መያዙ ነው። አንድ የዱቄት ጅምላ ነጋዴ በዓመት 2,000 ኩንታል ይሸጣል፣ ለአንድ ትዕዛዝ 4,000 ብር ያወጣል፣ ለአንድ ኩንታል የዓመት ኪራይ 100 ብር ይከፍላል እንበል። መልሱ 400 ኩንታል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ተሳቢ ማለት ነው። ተማሪውም ደስ ብሎት ወደሚቀጥለው ገጽ ያልፋል።

ነገር ግን ኩንታሉ 7,500 ብር ከሆነና የባንክ ወለድ 20 በመቶ ከሆነ፣ እዚያ የተቀመጠው እያንዳንዱ ኩንታል በዓመት 1,500 ብር ወለድ ይበላል። ከኪራዩ ጋር 1,600 ብር። በዚህ ሲሰላ መልሱ ወደ 100 ኩንታል ይወርዳል፤ ሁለት አይሱዙ ያህል ነው። በ100 ኩንታል ሲታዘዝ የዓመቱ የማዘዣና የማቆያ ወጪ 160,000 ብር፣ በ400 ኩንታል ሲታዘዝ ደግሞ 340,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 180,000 ብር ለ2,000 ኩንታል ሲካፈል 90 ብር ነው። ስለዚህ ተሳቢው የሚያዋጣው የአንዱን ኩንታል ማጓጓዣ ከ90 ብር በላይ ሲቀንስ ብቻ ነው። አንድ የግዥ ሠራተኛ ከዚህ ትምህርት ይዞ መውጣት ያለበት ይህንን ስሌት ነው፤ ሞጁሉ ግን አንድ እርምጃ ሲቀረው ያቆማል። የሚመዘገብ ሰው መምህሩን ወለዱን ጨምረው እንዲያሰሉለት ይጠይቅ። ሲጠየቁ ጥሩ አድርገው ያስረዳሉ።

የመጠባበቂያ ክምችት ላይም ያው ግድፈት አለ። ሞጁሉ የሚለዋወጠው ሽያጩ ብቻ፣ ዕቃው የሚደርስበት ቀን ግን የማይናወጥ አድርጎ ያስተምራል። ለወሎ ይህ አይሆንም። በቀን በአማካይ 10 ካርቶን የሚሸጥ፣ የሽያጩ መዛነፍ (ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) 3 ካርቶን የሆነና በአማካይ በ25 ቀን የሚደርስ ዕቃ፣ በ95 በመቶ የአገልግሎት ደረጃ (ከ100 የትዕዛዝ ዙር በ95ቱ ዕቃ ሳያልቅ) መጠባበቂያው 25 ካርቶን ብቻ ሆኖ ይወጣል። የመድረሻው ቀን መዛነፍ 8 ቀን ሆኖ ሲገባበት ግን 134 ይሆናል። ቀመሩ ውስጥ የቀኑ መዛነፍ በዕለታዊ ሽያጩ እየተባዛ ስለሚገባ የሽያጩን መዛነፍ ፈጽሞ ይሸፍነዋል። በዚህ አገር ሱቅ ባዶ የሚሆነው ገዢ ድንገት በዝቶ ሳይሆን መኪናው ዘግይቶ ነው።

የጤና አቅርቦት ኮርሱ በጣም ይመሰገናል። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ ስላለው ጉዳዩ ለተማሪው ሩቅ አይደለም። በተቀናጀው የመድኃኒት ሎጂስቲክስ ሥርዓት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል በየሁለት ወሩ ሪፖርትና መጠየቂያ ይልካል፤ ከፍተኛው ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር፣ አስቸኳይ ማዘዣው ደግሞ የሁለት ሳምንት ነው። መነሻ 300፣ ገቢ 500፣ ብልሽት 20፣ ቀሪ 180 ከሆነ ፍጆታው 600 ነው። ይህ የሁለት ወር ስለሆነ የአራት ወሩ እጥፉ 1,200፣ ቀሪው ሲቀነስ መጠየቂያው 1,020 ይሆናል። ክፍል ውስጥ ይህ በቢን ካርድና በስቶክ ካርድ (ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘገብባቸው ካርዶች) ጭምር በእጅ ይሠራል። አጥብቀው የሚያስተምሩት አንድ ወጥመድም አለ፦ መድኃኒቱ ከ60 ቀን 15ቱን ጠፍቶ ከነበረ 600 እውነተኛው ፍላጎት አይደለም። ለ45 ቀን ተካፍሎ በ60 ሲባዛ 800 ይሆናል፣ መጠየቂያውም 1,420። ይህን ያላረመ ባለሙያ እጥረቱን ራሱ ወደሚቀጥለው ዙር ያሸጋግራል።

የመንግሥት ንብረት አያያዙ በአጭሩ ይታለፋል፤ ሞዴል 19 ለገቢ፣ ሞዴል 20 ለመጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ለወጪ። ለሠራተኛ አዲስ አይደለም፤ ለጀማሪ ግን ቅጾቹን ሳያሳዩ በቃል ብቻ ማለፍ ትርጉም የለውም።

የቢራ ጨዋታ የሚባለው ልምምድ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ይገባዋልም። ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው አራት ሰዎች ሳይነጋገሩ ያዛሉ። የገዢው ፍላጎት ከ4 ሣጥን ወደ 8 አንዴ ብቻ ይዘላል፣ ከዚያ አይለወጥም፤ ፋብሪካው ዘንድ ግን ትዕዛዙ ይናጣል። ምክንያቱ ተጫዋቹ በመንገድ ላይ ያለውን ትዕዛዝ ረስቶ እንደገና ማዘዙ ነው። ቢራውን በዘይት ቀይሮ መጫወት ይቻላል፣ ትምህርቱ አይለወጥም።

የዓለም አቀፍ ንግድና ትራንስፖርት ኮርሱ ግን ያሳዝናል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ወርዶ ደረቅ ወደብ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፋብሪካዎች አሉ። ኮንቴይነር ከጂቡቲ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣበት መንገድም እዚሁ ነው። ትምህርቱ ግን የሌላ አገር ወደቦችን በስላይድ ያሳያል። የሻጭና የገዢን ወጪና አደጋ የሚከፋፍሉት 11ዱ የኢንኮተርምስ 2020 ቃላት በሽምደዳ ይያዛሉ፤ በሲአይኤፍ (ዋጋው መድንና የመርከብ ጭነትን በሚያካትትበት ውል) ሻጩ እስከ መድረሻ ወደብ መድን ቢከፍልም አደጋው ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው መነሻ ወደብ ላይ መርከብ ሲጫን መሆኑን ብዙ ተመራቂ አያውቅም። ለኮንቴይነር ከኤፍኦቢ (ሻጩ መርከብ ላይ ጭኖ ከሚያስረክብበት) ይልቅ ኤፍሲኤ (ለአጓጓዡ የሚያስረክብበት) እንደሚስማማም አይነገርም፤ ኮንቴይነር መርከቡ ጋ ከመድረሱ በፊት ለአጓጓዥ ተርሚናል ስለሚሰጥ በመሃል ያለው ጊዜ አከራካሪ ይሆናል።

መልቲሞዳልና ዩኒሞዳልም በትርጓሜ ብቻ ይታለፋሉ። በመልቲሞዳል አጓጓዡ በአንድ ሰነድ ከመነሻው ወደብ እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊ ነው። በዩኒሞዳል ግን ከጂቡቲ በኋላ ያለውን ጣጣ አስመጪው በራሱ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይይዘዋል። ክፍል ውስጥ መሠራት የነበረበት አንድ ፋይል ሙሉውን መከታተል ነው፦ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት (የታሸገው ዕቃ ዝርዝር)፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ)። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው የካርቶን ብዛት ወይም ክብደት ከቢል ኦፍ ሌዲንጉ ጋር ካልተጣጣመ ዕቃው ይቆማል፤ የማከማቻ ክፍያና ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ሲዘገይ የሚጠየቅ ክፍያ) በየቀኑ ይቆጠራል። ይህን ለማስተማር አምስት ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ሊመዘገብ የሚያስብ ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቅ። ፕሮግራሙ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ደብዳቤውን በዓይኑ ይይ። ከ2015 ጀምሮ በሚሰጠው የመውጫ ፈተና ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንቱ 50 በመቶ እንዳመጣ በቁጥር ይንገሩት። ኢንተርንሺፑ የት ነው፣ ስንት ሳምንት ነው፣ ማን ይፈርማል? መልሱ «ራስህ ፈልገህ ታመጣለህ» ከሆነ፣ ኮምቦልቻ ላይ የትራንዚት ቢሮ ወይም የፋብሪካ ግዥ ክፍል ከአሁኑ ያነጋግር፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚጀምር ፍለጋ ብዙውን ጊዜ ፊርማ ብቻ ይዞ ይመለሳል።