ምጣድ ወይስ ስቶቭ፦ መብራት ሲደክም የትኛው ይጎዳል?

ጎንደር፣ አዘዞ ቤታችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣዱና ስቶቩ ጎን ለጎን ናቸው። በ220 ቮልት ምጣዱ 16 አምፒር ይስባል፤ ስቶቩ 5 ብቻ። ቮልቱን ለአምፒሩ ስናካፍል ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን (በኦም የሚለካ) ይወጣል፦ ምጣዱ 13.75 ኦም፣ ስቶቩ 44። ስናባዛቸው ደግሞ ኃይሉ፦ 3,520 ዋትና 1,100 ዋት። ልብ በሉ፣ ብዙ የሚበላው ኦሙ ያነሰው ነው።

ማታ ቮልቱ ወደ 190 ሲወርድ የምጣዱ ሽቦ ያው ነው፤ ኦሙ እምብዛም አይቀየርም። አምፒሩ ግን ወደ 13.8 ይወርዳል፣ ኃይሉም ወደ 2,625 ዋት። ቮልቱ በ14 በመቶ ቀነሰ፤ ሙቀቱ በ25! እንጀራው ዓይን አያወጣም። ስቶቩም በዚያው ልክ ይደክማል፤ ወጥ ግን ቢዘገይም ይበስላል። ስለዚህ እኔ እንጀራ ጠዋት፣ ወጥ ማታ። ምጣዱን በቀጭን ገመድ አደራ እንዳትሰኩት፤ 16 አምፒር ያቀልጠዋል።