አትክልት የሚያይ ባለሙያ ቤቴ ድረስ ጠራሁ (ሐረር)

ሸዋ በር አካባቢ ካለ አንድ ችግኝ ማፍያ ባለሙያ ጠርቼ ነበር። ለመጥራት ላሰበ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

ከግቢዬ ጽጌረዳዎች አንዷ በአንድ ጎኗ ብቻ ጠወለገች። ግራው ቅርንጫፍ ክው ብሎ ደርቋል፣ ቀኙ አበባ ይዞ ይስቃል። ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሱቅ ስሄድ ደግሞ ነገሩን በቅጡ ሳይሰሙኝ የሚረጭ የፈንገስ መድኃኒት አሸከሙኝ። ረጨሁ፣ ብሬ አለቀ፣ እሷ እንደጠወለገች ቀረች።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ «የኔም ሜፕል የሚባለው ዛፍ እንዲሁ ሆኗል» ብላ በቪዲዮ ቅርንጫፍ ቆርጣ አሳየችኝ። ከልጡ ሥር አረንጓዴያማ መስመር አለ። የኔንም ቆረጥኩ፤ ነጭ ነው። በሽታው ሌላ ነው ብዬ ተዘናጋሁ።

የጠራሁት ባለሙያ፣ ልጅ ነው፣ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ዘግይቶ መጣ፤ ይህን አልወደድኩለትም። ግን ምንም ሊሸጥልኝ ሳይሞክር ቁጭ ብሎ አፈሩን ጫረ፣ ሥሩን አሸተተ። የበሰበሰ የለም። ከዚያ «እትዬ፣ እዚህ መደብ ላይ በፊት ምን ነበር?» አለኝ። ቲማቲምና ቃሪያ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ! ሳቀ። ቬርቲሲሊየም የሚባል ፈንገስ ነው የጠረጠረው፤ እነሱንም ያጠቃል፣ አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል፣ በሥር ገብቶ ውሃ የሚወጣበትን መስመር ይደፍናል፣ ስለዚህ ቅጠል ላይ የረጨሁት ሁሉ በከንቱ ነው። የእህቴ ሜፕል ላይ ያየሁት መስመር ደግሞ ጽጌረዳ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም አለኝ። «እርግጡን የሚነግረን ላብራቶሪ ነው፣ እኔ የምገምተውን ነው የነገርኩዎት» ማለቱ ደስ አለኝ። እንዲህ የሚል ሻጭ አላጋጠመኝማ።

የደረቀውን ቆረጠው። መቀሱን ሳይጠርግ ወደ ቀጣይዋ ጽጌረዳ ሲሄድ ግን ጮህኩበት፤ ይቅርታ ጠይቆ በአልኮል ጠረገው። ይሄ እኔ ላስታውሰው የሚገባ ነገር አልነበረም። የተቆረጠውን አቃጥሉት እንጂ ኮምፖስት ውስጥ እንዳይገባ አለ። ዩሪያ እንዳላበዛባት፣ ውሃ በልክ ሳላቋርጥ እንድሰጣት። ፈንገሱን የሚያድን መድኃኒት የለም፣ ጽጌረዳዋን ማበርታት ነው። ከሞተች እዚያው ሌላ ጽጌረዳ አይተከልም፤ ጽድ ቢሆን ይሻላል።

500 ብር ከፈልኩ። ስድስት ሳምንት ሆነ፣ በቀኝ በኩል አዲስ ቅጠል አውጥታለች። የሱቁ ጠርሙስ ግማሹን እንደያዘ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።