በሐዋሳ ፍሪጅ ለምታስጠግኑ፦ የካፒላሪውን ልክ ሳትጠይቁ ቀብድ አትስጡ

ካፒላሪ ማለት የፍሪጁ ጋዝ የሚያልፍበት በጣም ቀጭን ቱቦ ነው። «ካፒላሪው ተደፍኗል፤ ቀይረን ጋዝ እንሞላለን» ከተባላችሁ፣ ብር ከኪሳችሁ ሳይወጣ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የሚገባው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ ስንት ነው? ርዝመቱስ? ጠጋኙ «ሁሉም ያው ነው» ካለ ዕቃችሁን አስጭናችሁ ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የእኛ ዲፕ ፍሪዘር ከአሞራ ገደል የሚመጣ ዓሳ የሚያድርበት ነው። ማቀዝቀዝ ሲያቆም የተጠራው ጠጋኝ የድሮውን ካፒላሪ ቆርጦ ጣለ፤ ከጥቅልል ላይ በክንዱ ለክቶ ሌላ በየደ፤ 4,500 ብር ተቀብሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን ወደሚጨምቀው ሞተር) የሚመለሰው ወፍራም ቱቦ በውጭ በኩል በረዶ ጋገረ። ሞተሩ ያለ እረፍት ይሠራል፤ ዓሳው ግን አይጠጥርም። ሰውየው ተመልሶ መጣና «ጋሼ፣ ጋዝ አንሶት ነው» ብሎ ጨመረበት፣ ለጭማሪውም አስከፈለ። በኋላ ሌላ ባለሙያ የሁለቱንም ቱቦዎች ጫፍ በመለኪያ ሽቦ ፈተሸ። የድሮው 0.66 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 0.79 ሚሊ ሜትር ነበር።

ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ ማታለሉም የሚመቸው ለዚህ ነው። ካፒላሪ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር የለውም። ከኋላ ካለው ጥቁር ፍርግርግ የሚመጣውን ፈሳሽ ጋዝ ግፊቱን አውርዶ ወደ ማቀዝቀዣው (ፈሳሹ እየተነነ ብርዱን ወደሚሰጥበት የውስጥ ቱቦ) የሚያሳልፈው በጥበቱና በርዝመቱ ብቻ ነው። ስፋቱ በጥቂቱ ሲጨምር የሚያልፈው ፈሳሽ በብዙ ይጨምራል። ከ0.66 ወደ 0.79 የሚሸጋገር ሰው የቀድሞውን የፍሰት መጠን ለመጠበቅ ቱቦውን ከእጥፍ በላይ ማስረዘም አለበት፤ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት የመለወጫ ሠንጠረዥ ያለውም ለዚህ ነው። የእኛ ሰው ሠንጠረዡ ክንዱ ነበር።

ቱቦው ሲሰፋ ወይም ሲያጥር ፈሳሹ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተንኖ ሳያልቅ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይደርሳል። ኮምፕሬሰር የተሠራው ተን ለመጭመቅ ነው፤ ፈሳሽ ሲገባበት ዘይቱ ይታጠባል፣ ቫልቮቹም ይሰበራሉ። በመመለሻው ቱቦ ላይ የተጋገረው በረዶ የዚህ ምልክት ሆኖ ሳለ ጋዝ መጨመር ጉዳቱን ማባባስ ነው። ቱቦው ሲጠብ ወይም ሲረዝም ደግሞ ማቀዝቀዣው ይራባል፤ መጀመሪያው አካባቢ ብቻ በረዶ ይይዛል፣ የቀረው ባዶውን ይቀራል። በዚያ ላይ ካፒላሪ ከአየሩ ሁኔታ ጋር ራሱን አያስተካክልም። በሐምሌ ብርድ «ደህና ነው» የተባለ ሥራ ጉዱ የሚወጣው በመጋቢት ሙቀት ነው።

ሌላም አለ። ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ካፒላሪውን ከመመለሻው ቱቦ ጋር አጣብቆ ወይም በውስጡ አሳልፎ ይሠራዋል፤ ቀዝቃዛው የሚመለሰው ተን ትኩሱን ፈሳሽ እንዲያበርድለት ነው። የእኛው አዲስ ቱቦ ግን ተጠቅልሎ ከኋላ ተንጠልጥሎ ነበር። ጫፉም በፒንሳ ስለተቆረጠ አፉ ተጨፍልቋል። በሞረድ ጫር አድርጎ፣ አጥፎ መስበር ብቻ በቂ ነበር፤ እሱም ታከተው።

ደግሞ ተደፍኗል የተባለ ሁሉ አይቀየርም። ፍሪጁ ቀዝቅዞ፣ ቆሞ፣ ከዚያ በራሱ ጊዜ እንደገና የሚቀዘቅዝ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውስጥ የቀረ እርጥበት ነው፤ በቱቦው መውጫ ላይ እየረጋ ይዘጋዋል፣ ሲቀልጥ ይለቀዋል። መድኃኒቱ አዲስ ፊልተር (በመስመሩ ላይ ያለው እርጥበትና ቆሻሻ የሚይዝ ማጣሪያ) እና በቫክዩም ፓምፕ በደንብ አየር ማውጣት ነው። የጋዙ መስመር ከተከፈተ ፊልተር የግድ ይቀየራል። ፓምፕ ሳይዝ የመጣ፣ በጋዙ እየነፋ «አየሩን አስወጣሁ» የሚል ጠጋኝ እርጥበቱን እዚያው ትቶላችሁ ነው የሚሄደው። ጋዙም በሚዛን ይሞላ። አር 600ኤ በሚባለው ጋዝ የሚሠራ የቤት ፍሪጅ የሚይዘው በአሥሮች የሚቆጠር ግራም ብቻ ስለሆነ ግምት አያዋጣም። ይህ ጋዝ ተቀጣጣይ መሆኑንም አትርሱ፤ ጋዙ በሚገባ ሳይወጣ የብየዳ እሳት የሚለኩስ ሰው ወጥ ቤታችሁ እንዲገባ አትፍቀዱ።

የድሮውን ቁራጭ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፤ እኛ ያወቅነው ወለል ላይ ተረስቶ ስለተገኘ ነው። ደረሰኙ ላይ የቱቦው ልክ፣ የጋዙ ዓይነትና ግራሙ ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምትገዙት ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷችኋል። የእኛ ጠጋኝ ደረሰኝ ሲጠየቅ «እንተማመን እንጂ» ነበር መልሱ። አሁን ስልክ አያነሳም።

ዓሳ የሚሸጡ ጎረቤቶቼ የነገሩኝን አንድ ዘዴም ልጨምር። ጠጋኙ፣ ሞተሩ እየዞረ ያለን ፍሪጅ ከሶኬት ይነቅልና ወዲያው ይሰካል። ሞተሩ ያጓራል፣ አይነሳም። «ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል፣ አዲስ አለኝ» ይላል። ከካፒላሪው ወዲህና ወዲያ ያለው ግፊት በዚያች ቀጭን ቱቦ በኩል እስኪመጣጠን ደቂቃዎች ይወስዳል፤ እስከዚያ አብዛኛው የቤት ፍሪጅ ሞተር ለመነሳት አቅም የለውም። ነቅላችሁ ቢያንስ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ራሳችሁ ሰኩት፤ ከተነሳ ኮምፕሬሰሩን ለሌላ ሰው ይሽጥ።